የመጀመሪያው ሳቅ፦ የጨዋታ አዋቂ ድምፃውያን ቀዳሚ ቅጂዎች ለምን ዳግም ይታተማሉ?

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተቀረጸ ሥራ «አዲስ አልበም» ተብሎ ሲወጣ ብዙ አድማጭ ግራ ይጋባል። ድምፃዊው ሸምግሏል፤ አንዳንዴም በሕይወት የለም። ከቅጂው የሚሰማው ግን የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ድምፅ ነው። ይህ ሥራ እስካሁን የት ነበር? የድሮውን አጥበው ነው የሚሸጡልን? ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከመሳቢያ አውጥተውት ይሆን? እንዲህ ያለ ኅትመት በወጣ ቁጥር እነዚህ ጥያቄዎች ይነሣሉ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ ግን የለም።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው በፎክ ሙዚቃ ነው። ፎክ ከሕዝብ ዘፈን የተቀዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊታርና በአንድ ድምፅ የሚቀርብ፣ ግጥሙና ታሪኩ ሚዛን የሚደፋበት የዘፈን ዓይነት ነው። ከፎክ ድምፃውያን መካከል ግጥምና ዜማቸውን ራሳቸው እየደረሱ፣ በዘፈንና በዘፈን መካከል ታዳሚውን የሚያጫውቱ፣ ቁም ነገሩን በቀልድ ጠቅልለው የሚያቀብሉ አሉ። በአማርኛ ጨዋታ አዋቂ የምንላቸው ዓይነት ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ቀዳሚ ቅጂዎች ሲታተሙ ሌላው ሙዚቃ የማያውቀው ችግር ይመጣል። ዜማ ሺህ ጊዜ ቢሰማ ዜማ ነው። ቀልድ ግን ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ነው።

ከዚህ በታች አሜሪካዊውን ፎክ ድምፃዊ ጆን ፕራይንን በዋና ምሳሌነት ይዘን ከኅትመቱ ጀርባ ያለውን ሕግ፣ ገንዘብና የድምፅ ጥገና እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ስም፣ የተለያየ ሥራ

«ዳግም ኅትመት» በሚለው ቃል ሥር ቢያንስ ሦስት ነገሮች ተደባልቀው ይነገራሉ። አንደኛው ስሙን በትክክል የሚያሟላው ነው፤ ገበያ ላይ ውሎ ያለቀ አልበም እንደገና ይባዛል። ሁለተኛው ሪማስተሪንግ ይባላል። ማስተር ሌሎቹ ቅጂዎች ሁሉ የሚባዙበት ዋናው ቴፕ ነው፤ ሪማስተሪንግ ደግሞ ከዚሁ ዋና ቴፕ ተነሥቶ የድምፁን ሚዛንና ጥራት እንደገና ማስተካከል ነው። ሦስተኛው ከዚህ በፊት ፈጽሞ ያልታተመ ቴፕ ከማኅደር ወጥቶ መታተሙ ነው። ይህ በጥብቅ ካየነው «ዳግም» ሊባል አይገባውም። ዘፈኖቹ በሌላ አልበም የሚታወቁ ስለሆኑ ግን በሕዝብ አነጋገር ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል።

ሦስተኛውን ዓይነት የገዛ ሰው የሚያገኘው በእርግጥም ያልተሰማ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የገዛ ሰው ግን ቤቱ ያለውን ሸክላ ሁለተኛ ጊዜ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። የቅሬታው አብዛኛው ክፍል የሚመነጨው የሽፋኑ ጽሑፍ ይህን ለይቶ ስለማይናገር ነው።

ኦገስት እና ኖቬምበር 1970

ጆን ፕራይን በ1946 በቺካጎ ዳርቻ፣ በሜይዉድ ተወለደ። ወታደራዊ አገልግሎቱን በምዕራብ ጀርመን ፈጽሞ ሲመለስ ፖስተኛ ሆነ። ዘፈኖቹን የሚደርሰው ደብዳቤ እያደለ በእግሩ በሚዞርባቸው ሰዓታት ነበር። በብርድ ወራት ነፋሱ ሲበረታ መንገድ ዳር በሚቆመው የፖስታ ማቆያ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ሳንድዊቹን ይበላ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በ1969 አንድ ምሽት፣ በአርሚቴጅ ጎዳና በሚገኘው ፊፍዝ ፔግ በተባለ መጠጥ ቤት ተቀምጦ የሌሎችን አዘፋፈን ሲያጥላላ፣ የምትሻል ከሆነ ውጣና አሳየን ተባለ። ሦስት ዘፈን ዘፈነ። ሲጨርስ ቤቱ ጭጭ አለ። ጭብጨባው ዘግይቶ መጣ፤ ፕራይን ይህን ዝምታ ዕድሜውን ሙሉ ሲተርከው ኖሯል።

በኦገስት 1970 ደብልዩ ኤፍ ኤም ቲ በተባለው የቺካጎ ሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈኖቹን በጊታሩ ብቻ ቀረጸ። ስተድስ ተርክል የተባለው እውቅ ጋዜጠኛ ለአሥርት ዓመታት ፕሮግራሙን ያስተላለፈው ከዚሁ ጣቢያ ነው፤ ፕራይንንም በእንግድነት አቅርቦታል። በኦክቶበር የቺካጎ ሰን ታይምስ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ከዘወትር ሥራው ወጣ ብሎ ስለ ዘፋኙ ፖስተኛ ጻፈ። በኖቬምበር ፊፍዝ ፔግ ውስጥ ያቀረበው ዝግጅት በቴፕ ተቀዳ። የስቱዲዮውና የመድረኩ ቴፖች አርባ አንድ ዓመት ቆይተው በ2011 በሁለት ሲዲ ታተሙ። የአልበሙ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዘፋኙ ፖስተኛ ያደርሳል» እንደ ማለት ነው። አሳታሚው ፕራይን ራሱ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ያቋቋመው ኦ ቦይ ሬከርድስ ነበር።

በነዚህ ቴፖችና በ2011 መካከል ዓለም የሚያውቀው የፕራይን የመጀመሪያ አልበም አለ። አትላንቲክ በተባለው ትልቅ ኩባንያ በ1971 ታተመ፤ አብዛኛው የተቀረጸው በሜምፊስ፣ ከኤልቪስ ፕሪስሊ ጋር በሠሩ ሙዚቀኞች አጃቢነት፣ በአሪፍ ማርዲን ፕሮዲዩሰርነት ነው። በአልበሙ ሽፋን ላይ ፕራይን በታሰረ ገለባ ላይ ተቀምጦ ይታያል። በሕይወቱ ገለባ ላይ ተቀምጦ እንደማያውቅ ኋላ ተናግሯል። የከተማ ዳርቻው ፖስተኛ በኩባንያው እጅ የገጠር ልጅ ሆነ። የ1970 ቴፖች የመጀመሪያ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ ገለባው ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሰው ያሰሙናል።

ሁለተኛው ጥቅማቸው ከዚህ የበለጠ ነው። ከቬትናም ጦርነት በሱስ ተይዞ ስለተመለሰ ወታደር የሚናገረው የፕራይን ዘፈን ዛሬ የሚታወቀው በወታደሩ ስም፣ «ሳም ስቶን» ተብሎ ነው። በ1970 ግን አርእስቱ ሌላ ነበር፤ «የታላቁ ማኅበረሰብ ግጭት የቀድሞ ወታደር ብሉዝ» የሚል ረጅም፣ ሆን ተብሎ የተንዛዛ አርእስት። «ታላቁ ማኅበረሰብ» ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ድህነትን ለማጥፋት የነደፉት መርሐ ግብር መጠሪያ ነው። እኒሁ ፕሬዚዳንት የቬትናምን ጦርነት ያስፋፉ ናቸው። አርእስቱ እንግዲህ ሰምና ወርቅ አለው፦ ሰሙ የመንግሥት መፈክር፣ ወርቁ መፈክሩ ያልሸፈነው ጦርነት። የወጣት ደራሲ ብልሃት ነው፤ ሰሚውን ፈገግ ያሰኛል፤ ደራሲውም እንደሚያስቅ ያውቃል።

በ1971 ይህ ሁሉ ተነሥቶ የአንድ ሰው ስም ብቻ ቀረ። ግጥሙን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። አርእስቱ ገና ከበሩ ላይ ቀልዶ ካስገባን ልጆቹ ፊት የሚጠፋውን አባት ለማዘን ጊዜ ይወስድብናል፤ ስሙ ብቻ ከቀረበ ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ሰውየውን እናያለን። አንድ ጨዋታ አዋቂ የራሱን ጥሩ ቀልድ ለዘፈኑ ሲል መሠዋቱን በዓይናችን የምናይበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም። የ1971ን አልበም ብቻ የያዘ አድማጭ ይህን ውሳኔ ሊያውቀው አይችልም፤ የተወገደውን አርእስት ያሳየው የ2011 ኅትመት ነው።

ሦስተኛ ጥቅምም አለ። ፕራይን በ1998 የአንገት ካንሰር ቀዶ ሕክምና አድርጎ ድምፁ ወፈረ። በ2000 የቀድሞ ዘፈኖቹን በዚህ በአዲሱ ድምፁ እንደገና ቀርጾ በራሱ ኩባንያ አሳተመ። ዓላማው ትላልቆቹ ኩባንያዎች ከያዙት ማስተር ውጪ የራሱ የሆነ ቅጂ እንዲኖረው ነበር። ከነዚህ መካከል ስለ ሽማግሌ ባልና ሚስት ብቸኝነት የደረሰው ዘፈን ይገኛል። ልጅ ሳለ ለአረጋውያን መጦሪያ ቤት ጋዜጣ ያደርስ ነበር፤ አንዳንዶቹ የልጅ ልጃቸው እንደመጣ አድርገው ይቀበሉት እንደነበር አጫውቷል። በ1970 ቴፕ ላይ ይህን እርጅና የሚዘፍነው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ በ2000 የሚዘፍነው ሞትን አይቶ የተመለሰ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው። አንድም ቃል ሳይለወጥ ዘፈኑ ተለውጧል። ፕራይን በኤፕሪል 2020 በኮቪድ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ እነዚህን ቅጂዎች ጎን ለጎን ማዳመጥ የሥራውን ሙሉ ቁመት ያሳያል።

ቀልድ ለምን ታዳሚ ይፈልጋል?

ስቱዲዮ ለዜማ ምቹ ነው። ስህተት ይታረማል፣ ድምፅ ይጠራል፣ መሣሪያ ይጨመራል። ለቀልድ ግን አንድ የጎደለው ነገር አለ፤ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም። ጨዋታ አዋቂ ከማሳረጊያው ቃል በፊት ምን ያህል ፋታ እንደሚሰጥ የሚወስነው የታዳሚውን ፊትና ትንፋሽ አይቶ ነው። ሳቁ ከቀደመው ጊታሩን እየመታ ይጠብቃል፤ ሳቁ ከዘገየ ቃሉን ይደግማል ወይም ዓይኑን ብቻ ይጥላል። መስታወት የተጋረደበት የስቱዲዮ ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ በግምት ነው የሚሠራው።

ይህን ለማየት ከሁሉ የሚመቸው የቶም ሌረር ሥራ ነው። ሌረር በሃርቫርድ የሒሳብ ሰው፣ በፒያኖ የሚዘፍን ተረበኛ እንጂ የፎክ ድምፃዊ አልነበረም፤ ለንጽጽር ግን የሚተካከለው የለም። በ1953 የመጀመሪያ አልበሙን በራሱ ገንዘብ ቀርጾ 400 ቅጂ አሳተመ። በ1959 ደግሞ ሁለተኛውን የዘፈን ስብስብ በሁለት አልበም አወጣው፦ አንዱ በስቱዲዮ የተቀረጸ፣ ሌላው በሃርቫርድ ሳንደርስ ቲያትር በታዳሚ ፊት። ዘፈኖቹ ያው ናቸው። የመድረኩ አልበም ግን እያንዳንዱን ዘፈን የሚያስተዋውቁ ንግግሮች አሉት፤ ዘፈኑ ሲጀምር አድማጩ አስቀድሞ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የስቱዲዮው አልበም ከዚህ አጠገብ ሲሰማ በጥሩ ጽሕፈት የተገለበጠ ደብዳቤ ይመስላል፤ ቃሉ ሁሉ አለ፣ ላኪው የለም።

በዚህ የማይስማሙ ሐያስያን አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። የታተመ ሳቅ ለአሥረኛ ጊዜ ሲሰማ ያሰለቻል፤ ሰው የሳቀበትን ሁሌም በዚያው ሰከንድ ላይ ሲስቅ መስማት ጨዋታውን ይገድለዋል ይላሉ። ዘፈኑ ዘላቂ ከሆነ ያለ ታዳሚም ይቆማል፤ ካልቆመም ቀድሞውኑ ወግ እንጂ ዘፈን አልነበረም። ስለ አሳዛኞቹ ዘፈኖች ይህ እውነት ነው። የጨዋታ አዋቂ ሥራ ግን ሳቁና ሐዘኑ ተከታትለው መምጣታቸው ላይ የቆመ ነው። ሲስቅ የነበረ ቤት በአንድ መስመር ድንገት ዝም ሲል የሚሰማው ዝምታ በስቱዲዮ ሊቀረጽ የሚችል አይደለም። ድምፃውያኑ ራሳቸውም ይህን ያውቁ እንደነበር ምልክት አለ። የፕራይን የቅርብ ጓደኛና የቺካጎው ጨዋታ አዋቂ ስቲቭ ጉድማን ከትልልቅ ኩባንያዎች ወጥቶ ሬድ ፓጃማስ የተባለ የራሱን ማሳተሚያ ሲያቋቁም፣ በ1983 ያስቀደመው ከመድረክ ቅጂዎቹ የተሰበሰበ አልበም ነው። በሉኪሚያ (በደም ካንሰር) ሕክምና ፀጉሩን አጥቶ ነበር፤ ለሽፋኑ «ጥበባዊ ፀጉር» የሚል ጽሑፍ ከለጠፈ ፀጉር ቤት ፊት ቆሞ ተነሣ፤ አልበሙንም በዚያው ስም ጠራው። በቀጣዩ ዓመት፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ዐረፈ።

ሕጉ የሚቆጥረው ሰዓት

ቴፖቹ ለምን ባለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት በብዛት ወጡ? የናፍቆት ገበያ አንዱ ምክንያት ነው፤ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ምክንያት ግን ሕግ ነው።

በአንድ ዘፈን ላይ ሁለት መብቶች አሉ። አንዱ የግጥሙና የዜማው መብት፣ ማለትም የደራሲው ነው። ሌላው የቅጂው መብት ነው፤ ያንን ዘፈን በዚያ ቀን፣ በዚያ ክፍል የያዘው ድምፅ ባለቤት ማን ነው የሚለው። ሁለቱ በተለያየ ጊዜ ያበቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው መመሪያ የድምፅ ቅጂ ጥበቃን ከ50 ዓመት ወደ 70 ከፍ አድርጓል። ተጨማሪው 20 ዓመት ግን የሚገኘው ቅጂው በተቀረጸ በ50 ዓመት ውስጥ ለሕዝብ ከቀረበ ነው። ካልቀረበ ጥበቃው ያበቃል፤ ቴፑ በእጁ ያለ ማንኛውም ሰው ሊያትመው ይችላል። በ1962 ተቀርጾ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ቴፕ የመጨረሻ ቀኑ 2012 ማብቂያ ላይ ነበር ማለት ነው።

ኩባንያዎቹ ወዲያውኑ ተንቀሳቀሱ። በ2012 መጨረሻ የቦብ ዲላን የ1962 ያልታተሙ ቅጂዎች በአውሮፓ በ100 ያህል ቅጂ ብቻ ወጡ፤ አሳታሚው ዓላማውን ሳይደብቅ «የቅጂ መብት ማራዘሚያ ስብስብ» የሚል ንዑስ አርእስት ሰጠው። በቀጣዩ ዓመት የቢትልስ የ1963 ቅጂዎች በዚሁ ምክንያት በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀረቡ። ወጣቱ ዲላን በነዚያ ዓመታት ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ቶኪንግ ብሉዝ ነበር፤ ጊታር እየተመታ ግጥሙ የሚዘፈን ሳይሆን እንደ ወግ የሚነገርበት፣ ለቀልድ የተሠራ የሚመስል ስልት ነው። የሕግ ቀነ ገደብ ባይኖር ኖሮ ከዚህ ዘመን የተቀዱ ብዙ ምሽቶች ዛሬም በካዝና ውስጥ በሆኑ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ሰዓቱ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ነው። በ2018 የወጣው ሕግ ከ1957 እስከ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1972 ለተቀረጹ ድምፆች እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2067 ጥበቃ ሰጥቷል፤ ይታተሙ አይታተሙ ልዩነት የለውም። የፕራይን የ1970 ቴፖች እዚያ ሲደርሱ ወደ መቶ ዓመት ይጠጋሉ። ማኅደሩን የሚከፍተው እንግዲህ የአውሮፓው ሕግ ነው፤ የአሜሪካው ባለቤቱን ያረጋጋል እንጂ አያስቸኩለውም።

የአውሮፓው ድንጋጌ ጥሩ ውጤት እንዳለው የሚከራከሩ ሰዎች «አትም ወይም ልቀቅ» ማለት ፍትሐዊ ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ 100 ቅጂ ማተም ሕዝብን ማገልገል ሳይሆን ሕጉን ማታለል ነው ባዮች ናቸው። የኋለኞቹ ያመዝናሉ። ሰብሳቢዎች እየተሻሙ የሚገዙት፣ ሌላው አድማጭ ግን የማያገኘው ቅጂ ለሕዝብ ቀረበ ለማለት ይከብዳል።

ገንዘቡን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። በሙዚቃ ንግድ ከወጣ 18 ወር ያለፈው ሥራ ሁሉ «ካታሎግ» ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ ከሚደመጠው ሙዚቃ ከመቶ ሰባ በላይ የሚሆነው ካታሎግ ነው። በ2022 ደግሞ በዚያው አገር የተሸጡ ሸክላዎች ቁጥር ከሲዲ በለጠ። በድሮ ቴፕ ላይ አዲስ ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ የፎክ ቴፕ ከሆነ የሚከፈለው አጃቢ እንኳ የለም።

ክሩ ከሞተ አይመለስም

ቴፕ ፕላስቲክ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ የብረት ዱቄት ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽና ከዚያ ወዲህ የተሠሩ አንዳንድ ቴፖች ማጣበቂያቸው እርጥበት እየጠጣ ይሟሟል፤ ሲሽከረከሩ ይጮኻሉ፣ ዱቄቱን ማጫወቻው ላይ ትተው ይላጣሉ። እንዲህ ያለው ቴፕ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ዘለል ባለ ሙቀት ለሰዓታት ተጋግሮ፣ ለጥቂት ጊዜ ሲያገግም ወዲያው ይገለበጣል። እሳት ደግሞ ማገገሚያ የለውም። በጁን 2008 በሆሊውድ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ቅጥር የተነሣው ቃጠሎ የማስተር ቴፖች ማከማቻን እንዳወደመ ኒው ዮርክ ታይምስ በ2019 በሰፊው ዘግቧል፤ ኩባንያው የጉዳቱን መጠን በተመለከተ ቢከራከርም፣ ማኅደር ማለት ዘላለማዊ ማስቀመጫ ማለት እንዳልሆነ ግን ሁሉም ተረዳው።

የጥገና ጥበብ እስከ ምን እንደሚሄድ የቀደምቱ አሜሪካዊ ፎክ ድምፃዊ የዉዲ ጋትሪ ምሳሌ ይናገራል። ጋትሪ በ1949 በኒው ጀርሲ፣ በኒውአርክ ከተማ ባለቤቱ እየጠየቀችው ያወጋበትና የዘፈነበት ዝግጅት የተቀዳው በቴፕ ሳይሆን እንደ ፀጉር በቀጠነ ብረት ሽቦ ላይ ነው። ሽቦ ሲበጠስ የሚጠገነው እንደ ክር ተቋጥሮ ነው። ሲሳሳብ ፍጥነቱ ይዛባል፤ ዘፋኙ አንዴ እንደ ልጅ፣ አንዴ እንደ ሰካራም ይሰማል። ይህን በሒሳብ ቀመር ያቃኑት ባለሙያዎች፣ የኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ኬቨን ሾርት ከነሱ አንዱ ነው፣ በ2008 በታሪካዊ አልበም ዘርፍ የግራሚ ሽልማት ተካፈሉ። የቃና መዛባቱን አቀኑት፤ ጋትሪ ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር ነገር እያስረዘመ የሚያወጋውን ወግ ግን ሳይነኩ አሳተሙት። አልበሙን ውድ ያደረገው ይህ ወግ ነው።

ዛሬ ከዚህ የላቀ መሣሪያ አለ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ላይ ተቀላቅለው የተቀረጹ ድምፆችን መለየት ይችላል። በ2022 የቢትልስን የ1966 አልበም ድምፆች እንደገና ለማመጣጠን፣ በ2023 ደግሞ የቡድኑን አባል የጆን ሌነንን ድምፅ ከቤት ውስጥ ካሴት ላይ ከፒያኖው ለይቶ ለማውጣት አገልግሏል። ለፎክ የመድረክ ቅጂ ይህ በረከትም አደጋም ነው። ጊታሩ የዋጠውን ግማሽ ቃል ነፃ ማውጣት ማለት የጠፋ ግጥም ማዳን ነው። ይኸው መሣሪያ ግን የብርጭቆ ድምፁን፣ ሳሉን፣ ከኋላ ወንበር ዘግይቶ የሚስቀውን ሰው ጠራርጎ ማውጣትም ይችላል። ያን ጊዜ በእጃችን የሚቀረው መድረክም ስቱዲዮም ያልሆነ ነገር ነው፤ ድምፃዊው ማንም ባልሰማው ቀልድ ላይ ቆም ብሎ ሲጠብቅ እንሰማለን።

ማን ፈቀደ?

ቀዳሚ ቅጂዎች ላይ የሚነሣው ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ደራሲ ረቂቁን የሚያስቀምጠው እንዲነበብለት ላይሆን ይችላል። ጆኒ ሚቼል ለረጅም ዓመታት ፎክ ድምፃዊት መባልን ስትቃወም፣ የጅማሬ ዘመን ሥራዎቿንም ስታናንቅ ኖራለች። በ2020 ከ1963 የሬዲዮ ቴፕ የሚጀምረው የቀዳሚ ዓመታት ስብስቧ ሲወጣ ግን ቅጂዎቹን እንደገና ሰምታ ለጅማሬዋ ይቅርታ እንዳደረገችና ፎክ ድምፃዊት እንደነበረች እንደተቀበለች ተናገረች። ፈቃድ ማለት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ወይም ተነፍጎ የሚያበቃ ነገር አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ሚቼል በሠላሳ ዓመቷ ብትጠየቅ እምቢ ሳትል አትቀርም ነበር።

የፕራይን ጉዳይ ቀላል ነው፤ በሕይወት ሳለ፣ በገዛ ኩባንያው አሳተመው። ሌረር ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ይቆማል። በ2020 የግጥምና የዜማ መብቱን፣ በ2022 የቀሩትን መብቶቹን ሁሉ ለሕዝብ ለቀቀ፤ በ2025 በዘጠና ሰባት ዓመቱ ሲያርፍ ለወራሽና ለኩባንያ የሚያጨቃጭቅ ነገር አልተወም። አስቸጋሪዎቹ በመካከል ያሉት ናቸው፤ ሳይናገሩ የሞቱት። እነሱን በተመለከተ አንዱ ወገን ያልታተመው ሳይታተም ይቅር ይላል። ሌላው ወገን ዝምታ እምቢታ አይደለም፤ ወራሾች ካላሳተሙትም ያለ ፈቃድ የሚያባዙ ሰዎች ያሳትሙታል ይላል። ሁለተኛው ታሪክ ይደግፈዋል፤ የዲላን ያልታተሙ ቅጂዎች በ1969 ተሰርቀው በስውር ሸክላ ከወጡ በኋላ ኩባንያው ሕጋዊውን ተከታታይ ኅትመት የጀመረው በ1991 ነው። ይህ ግን ማንኛውንም ቴፕ ማተም ተገቢ ነው ማለት አይደለም። በመድረክ ላይ ለታዳሚ የቀረበ ሥራ አንዴ ለሕዝብ ተሰጥቷል፤ በዝግ ክፍል ለራስ የተሞከረ ግን አልተሰጠም። የሟች ቴፕ የያዘ ሰው ከዚህ ልዩነት ቢነሣ ብዙ ጥፋት ይቀንስ ነበር።

የንግግሩ ዋጋ

ከዚህ በኋላ የቀዳሚ ቅጂዎችን ቅርጽ የሚወስነው ከሸክላው ይልቅ የኢንተርኔት ማዳመጫ ነው፤ የክፍያ ደንቡም ለጨዋታ አዋቂ አይመችም። በስፖቲፋይ አንድ ትራክ (በአልበም ውስጥ ራሱን ችሎ የሚጫወት አንድ ክፍል) እንደተደመጠ የሚቆጠረው ቢያንስ 30 ሰከንድ ሲሰማ ነው። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ትራክ ክፍያ አያገኝም። የድሮ የመድረክ ቅጂ ሲታተም በዘፈኖች መካከል ያለውን ንግግር ራሱን የቻለ ትራክ አድርጎ መቁረጥ የተለመደ ነው። ሃያ ሰከንድ የሚፈጅ መግቢያ በዚህ ደንብ መሠረት ምንም ገቢ የለውም። ለአሳታሚ ደግሞ ገቢ የሌለውን ከመቁረጥ የቀለለ ውሳኔ የለም። ንግግሩ ባይቆረጥ እንኳ አድማጩ ዘፈኖችን አደባልቆ ሲያጫውት ቀልዱ ከሌላ ዘፈን በፊት፣ የራሱ ዘፈን ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል።

መፍትሔው ከባድ ቴክኒክ አይጠይቅም። ንግግሩና ዘፈኑ በአንድ ትራክ ይቀመጡ፤ ንግግሩን መስማት ለማይፈልግ ዘፈኑ የሚጀምርበት ሰከንድ በሽፋኑ ጽሑፍ ላይ ይጠቀስ። ቴፑ የት፣ መቼና በማን እንደተቀዳ፣ ከቀረጻው የተቆረጠ ነገር ካለም ምን እንደሆነ ከዚያው ሥር ይጻፍ።